የወጋ ቢረሳ፦ «ዘ ኮል»ን አንብበን የተኳረፍንበት ጉዳይ

መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አከራክሮናል፤ አኳርፎን ግን አያውቅም ነበር። ይኼኛው አኳረፈን። አንዱን ቅጂ ለአምስት ተቀባብለን ጨርሰን ቡና ላይ ስንገናኝ እያንዳንዳችን የተለያየ መጽሐፍ ያነበብን መሰለ።

መጽሐፉ የአየርላንዳዊው ደራሲ የፓደር ኦ ጊሊን «ዘ ኮል» ነው፤ «ጥሪው» እንበለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለወጣቶች የወጣ ጨለማ ፋንታዚ ነው። ታሪኩ ባጭሩ ይኼ ነው፦ አየርላንድ ከተቀረው ዓለም ተቆርጣለች። እያንዳንዱ ታዳጊ አንድ ቀን ሳያስበው፣ ልብሱን እንኳ ጥሎ፣ ካለበት ይሰወራል። እዚህ የሚቆጠረው ሦስት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ብቻ ነው፤ እሱ ግን «ግራጫው ምድር» በሚባል ቦታ አንድ ሙሉ ቀን ሲታደን ይውላል። አዳኞቹ «ሺ» ይባላሉ (ሺህ ብላችሁ እንዳትቆጥሯቸው!)፤ ውበታቸው የሚያፈዝ፣ ሳቃቸው የማያቋርጥ ፍጡራን ናቸው። ከአሥር ልጆች ዘጠኙ አይተርፉም። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹ ከሁሉ በፊት መሮጥን፣ መደበቅንና መግደልን ያስተምራሉ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኔሳ ደግሞ እግሮቿን ፖሊዮ የጎዳት ልጅ ናት።

የመጀመሪያው ወገን «እንዴ! ይኼ ለልጅ የሚሰጥ ነው?» አለ። እውነቱን ነው፤ «ሺ»ዎቹ የሰውን ሥጋ እንደ ጭቃ እያበጃጁ ውሻ ሲያደርጉት ማንበብ እራት አያስበላም። ልጆቹ ተራ በተራ ሲጠሩ ከመደጋገሙ የተነሣ ድንጋጤው የሚደነዝዝበት ቦታም አለ። ይኼን እኛም አንክድም።

ሁለተኛው ወገን ስለ ኔሳ ብቻ ነው የሚያወራው። አካል ጉዳተኛ ገጸ ባሕርይ በብዙ ልብ ወለድ ውስጥ ወይ በተአምር ይድናል፣ ወይ ሌላውን ለማስለቀስ ይሞታል። ኔሳ ግን ክንዷን አፈርጥማ፣ ስሜቷን ውጣ፣ «አትተርፍም» ብሎ የደመደመውን ሁሉ እልህ ትጋባለች። ለዚህ ብቻ መጽሐፉ ይነበባል፤ ተስማምተናል።

ኩርፊያው የመጣው ከሦስተኛው ወገን ነው። አንዱ ጓደኛችን ሲኒውን አስቀምጦ «እኔ በ«ሺ»ዎቹ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር» አለ። ጸጥ አልን።

ለምን እንዲህ እንዳለ ለመረዳት ወደ አፈ ታሪኩ መመለስ ያስፈልጋል። የጥንቱ የአየርላንድ ትረካ እንደሚለው ደሴቲቱን ከሰዎች በፊት የያዙት ቱአሃ ዴ ዳናን የሚባሉ አማልክት ነበሩ። የሚል ልጆች በባሕር መጥተው ድል ነሷቸው። ከዚያ ምድሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ላዩ ለሰው፣ ሥሩ ለተሸናፊዎቹ። «ሺ» የሚለው ስም ራሱ የሚኖሩባቸውን ጉብታዎች የሚጠራ ነው። ከጉብታዎቹ አንዱ የዛሬ 5200 ዓመት ግድም የተሠራው ኒውግሬንጅ ነው። ሕዝቡም ፈርቷቸው ኖሯል፤ በስማቸው ላለመጥራት «ደጎቹ ሰዎች» ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 እንኳ በክሌር ግዛት፣ ላቱን በሚባል ቦታ፣ የእነሱ ናት የምትባል አንዲት ቁጥቋጦ በአውራ ጎዳና ሥራ እንዳትቆረጥ ክርክር ተነሥቶ ቁጥቋጦዋ ተርፋለች።

ደራሲው ያደረገው ይኼን የቆየ ፍርሃት ወስዶ ቂም ማድረግ ነው። የሱ «ሺ»ዎች በውል የተካፈሉ ሳይሆኑ ቀለም ወደሌለበት ምድር የተጣሉ ናቸው፤ አገራቸውን ይፈልጋሉ። ደራሲው ያደገው ደግሞ ዶኒጋል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1609 ጀምሮ የእንግሊዝ ዘውድ የነዋሪውን መሬት ወርሶ ሰፋሪ ካመጣባቸው የአልስተር አካባቢዎች አንዱ ማለት ነው። መሬቱን እንደተነጠቀ ሲተርክ የኖረን ሕዝብ በዚህ መጽሐፍ የነጣቂ ልጅ ሆኖ እናገኘዋለን። ከሥጋ ማበጃጀቱ ይልቅ እኛን እንቅልፍ የነሣን ይኼ ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አበው። «ሺ»ዎቹ አልረሱም፤ ሰዎቹ ረስተዋል። እስከዚህ ድረስ ጓደኛችን ልክ ነው። በደሉ እውነት ነው፤ የረሳውም ወገን ንጹሕ አይደለም።

ግን ጎበዝ፣ ሒሳቡ የተላከው ለማን ነው? በሩቁ ጦርነት ላልነበረች፣ እግሯ ለማይታዘዛት ለአንዲት ታዳጊ። ደግሞ «ሺ»ዎቹን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው፤ እያለቀሱ አይደለም የሚያድኑት፣ እየሳቁ ነው። ካሣ ፈላጊ ሰው የሚረካበት ቀን አለው። በማደኑ መደሰት የጀመረ ግን ልጆቹ ቢያልቁበት ቅር ይለዋል። በዚያ ሰዓት በደሉ ምክንያት መሆኑ ቀርቶ ፈቃድ ሆኗል። የተበደለ ሰው ቁስሉ እውነት ስለሆነ ብቻ እጁ ሁሌም ንጹሕ ነው ብለን ካመንን፣ ግራጫውን ምድር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አይጠበቅብንም።

ስለዚህ አንብቡት እንላለን፤ ከእራት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ የተበደለው ማን ነው? የሚከፍለውስ ማን ነው? መልሱ ሁለት የተለያየ ሰው ሲሆን መጠርጠር ይበጃል።

ያኮረፈው ጓደኛችን ታርቆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ሁለተኛውን ክፍል ሊያውሰን ቃል ገብቷል። ከ«ሺ»ዎቹ ጎን እስከቆመ ድረስ ቃሉን ይጠብቃል ብለን እናምናለን፤ እነሱ ቢያንስ ቃል አያጥፉም።