ስለ ላፕቶፕ ቻርጀር መበላሸትና ስለ ችኩል ፍርድ



የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ነፋስ ስልክ መባሉም ያለ ሽቦ በነፋስ ቃልን ከሚያደርሰው ስልክ የተነሣ ነው። ባለፈው ሰሞን በቤታችን የደረሰው ችግር ግን ከሽቦ የመጣ ነበረ። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በአንዲት ንጽሕት ልጅ ላይ ያለ አግባብ እስከ መፍረድ ስላደረሰን፥ ለሌላውም ቤተ ሰብ ትምህርት ይሆን ዘንድ ልንጽፈው ወደድን።

ታላቂቱ ልጃችን የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ለመፈጸም የመመረቂያ ጽሕፈቷን በላፕቶፕ ትሠራ ነበር፤ የምታስረክብበትም ቀን ሐሙስ ነበረ። ሰኞ ማታ ቻርጀሩን ብትሰካው ላፕቶፑ ኤሌክትሪክ አልቀበልም አለ። በባትሪው የቀረው ኃይል ከመቶ 14 እጅ ብቻ ስለ ነበረ ቤቱ ሁሉ ታወከ። በዚህ ጊዜ ታናሽ ወንድሟ «ሠራተኛችን ቤት ስትጠርግ ገመዱን ረግጣው ይሆናል» ቢለን፥ እኛም ሳንጠይቅና ሳንመረምር የቻርጀሩ ዋጋ ከወር ደመወዟ ይቈረጥ ብለን ተናገርን። ልጅቱም «ጋሼ፥ እኔ አልነካሁትም» ብላ እያለቀሰች ወደ ማድ ቤት ገባች።

ጥቂት ቈይቶ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ ጎረቤታችን መጣና «ሶኬቱን ፈትሻችኋል ወይ?» ብሎ ቢጠይቀን የምንመልሰው አጣን። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ይህን ያህል ዘመን ስናገለግል፥ ምስክር ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ ዕለት ዕለት እያየን፥ በገዛ ቤታችን ግን ዘነጋነው። ስለዚህ ምርመራው በተራ በተራ እንዲሆን ተስማማን።

በመጀመሪያ ሶኬቱ ተመረመረ። የስልክ ቻርጀር ሰክተን ስልኩ ኃይል መቀበሉን አየን። ማከፋፈያ እየላላ ብዙ ጊዜ ሰውን ያሳስታልና፥ እርሱን ትተን የላፕቶፑን ቻርጀር በቀጥታ በግድግዳው ላይ ሰካነው። ለውጥ አልተገኘም።

በሁለተኛው ከግድግዳው እስከ ቻርጀሩ ሣጥን የሚደርሰው ገመድ ተመረመረ። ይህ ገመድ ተነቅሎ የሚለወጥ ስለ ሆነ ተመሳሳዩን ተውሰን ብንሞክር ያው ሆነ። በሣጥኑ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ግን ትበራ ነበርና፥ ኤሌክትሪኩ እስከዚያ መድረሱን ዐወቅን። መብራቷ ላፕቶፑ በተሰካ ጊዜ የምትጠፋ ብትሆን ኖሮ፥ በላፕቶፑ ውስጥ ሽቦ ከሽቦ መነካካቱን ወይም ሣጥኑ መድከሙን ታመለክት ነበር።

በሦስተኛው ከሣጥኑ እስከ ላፕቶፑ የሚደርሰው ገመድ ተመረመረ። የሣጥኑ ሥራ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ዝቅ አድርጎ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ መለወጥ ነው። በእኛው ሣጥን ላይ የተጻፈው መውጫ 19.5 ቮልትና 3.34 አምፔር ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 65 ዋት ያህል ይሆናል። ጎረቤታችን የገመዱን ጫፍ በቴስተር ቢለካው ምንም አላሳየም። ገመዱ ከሣጥኑ በሚወጣበት በአንገቱ ላይ ጎንበስ ቢያደርገው ግን 19.5 አሳየ፤ ሲለቀውም መልሶ ጠፋ። በዚህም ሽቦው ከላስቲኩ ውስጥ መበጠሱ ተረጋገጠ።

እንግዲህ ማን በጠሰው? እንዲህ ያለው ብጥስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገመዱ በየቀኑ በአንድ ስፍራ እየታጠፈ ሲወጠር ነው። ማታ ማታ ገመዱን በሣጥኑ ላይ አጥብቆ የሚጠመጥመው ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እኛው ነበርን።

ጎረቤታችን የሰጠንን ምክር ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን። የቻርጀርን ሣጥን ራስ ከፍቶ መነካካት አይገባም፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ከ300 ቮልት በላይ በውስጡ ሊቈይ ይችላልና። አዲስ ሲገዛ ቮልቱ ከቀድሞው ጋራ እኩል፥ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ፥ ጫፉም ትክክለኛ ይሁን። አንዳንድ ላፕቶፕ በጫፉ መካከል ባለችው ቀጭን መርፌ ቻርጀሩን ስለሚለይ፥ ያላወቀውን ቢሰኩበት ይሠራል እንጂ ባትሪውን አይሞላም። ቻርጀሩ ደኅና ሆኖ ላፕቶፑ እንቢ ቢል፥ ገመዱን ነቅሎ የማስነሻውን ቍልፍ እስከ 30 ሴኮንድ ተጭኖ መልቀቅና እንደ ገና መሰካት ይጠቅማል። ባትሪው አብጦ ቢታይ ግን ከቶ አይሰካ፤ እሳት ያስነሣልና። መብራት በጠፋ ጊዜም ቻርጀሩን ነቅሎ፥ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ መልካም ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲመለስ አንዳንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ሆኖ ይመጣልና።

በማግሥቱ በዚህ ደንብ ተስማሚውን ቻርጀር ገዛን፤ ልጃችንም ጽሕፈቷን ረቡዕ ሌሊት ጨርሳ ሐሙስ አስረከበች። እኛ ግን የቀረብን ዕዳ ነበረ። በልጆቻችን ፊት የፈረድንባትን ሠራተኛ በልጆቻችን ፊት ጠርተን፥ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ተናግረን፥ ደመወዟም እንደማይነካ ነግረን ይቅርታ ጠየቅናት። እርስዋም አንገቷን ደፍታ «ግድ የለም ጋሼ፤ እኔስ ያዘንሁት ማንም ሳይጠይቀኝ ስለ ቀረ ነው» አለችን።

ይህ ቃል ከቻርጀሩ ዋጋ ይልቅ ከበደን። በቤት ውስጥ ዕቃ በተበላሸ ቍጥር በመጀመሪያ የሚከሰሰው አቅም የሌለው ሰው ነው። የቤት ጌታ የሆነ ሁሉ ሰውን ከመክሰሱ በፊት ሶኬቱን ይመርምር፤ የራሱንም እጅ ከምርመራው አያውጣ።