ታማሚው «ሳይኮቴራፒ» ብሎ አይፈልግም

የዛሬው ሀሳቤ በተለይ የሥነ ልቦና ምክር ለምትሰጡ የሙያ ጓደኞቼ ነው፤ ሌሎቻችሁም አንብባችሁ አድርሱልኝ።

ተመላላሽ ክፍል ውስጥ «ድባቴ ይዞኛል» ብሎ የሚገባ ሰው ብዙም አያጋጥመኝም። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ደረቴን ይጫነኛል»፣ «ሰው አስጠላኝ» ነው የሚለኝ። ማታ ስልኩን ከፍቶ ጎግል ላይ ሲጽፍም ቋንቋው ያው ነው። የብዙ ማማከሪያዎች ድረ ገጽ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስለ ሳይኮቴራፒ ያወራል። እንዴት ይገናኙ? በመሀል «ጭንቀትን በ7 ቀን እናጠፋለን» የሚለው ነጋዴ ቀድሞ ያገኘዋል።

በእኔ እምነት በቀላሉ መገኘት የሕክምናው የመጀመሪያ እርምጃ እንጂ ተራ ማስታወቂያ አይደለም። ስለዚህ፦

1. በታማሚው ቃል ጻፉ። «እንቅልፍ ማጣት ሲደጋገም ምን ላድርግ?» የሚል ርዕስ ያለው አንድ ሙሉ ገጽ፣ አገልግሎቶቻችሁን ከሚደረድር ረጅም ዝርዝር ይሻላል።

2. ፊደላችንን አስቡ። ሥነ ልቦና፣ ስነ ልቦና፣ ስነልቦና ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ብቸና እና ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ እና ደብረወርቅም እንደዚያው። ርዕሱ ላይ አንዱን ያዙ፤ ሌላውን ጽሑፉ ውስጥ ያለ ማጨናነቅ አስገቡት። ቃል መደርደር ግን አንባቢንም ጎግልንም ያሸሻል።

3. ቦታችሁን ተናገሩ። ጎግል ካርታ ላይ መመዝገብ በነፃ ነው። ከተማውን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ ክፍያውን፣ በስልክ ታማክሩ እንደሆነም ግለጹ። ከደብረ ወርቅ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ መሄድ ለማይችል ሰው ወሳኙ መረጃ ይኼ ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ታማሚው ሳይሆን ባሕር ዳር ወይም ውጭ አገር ያለች እህቱ ናት።

4. ገጹ ቀላል ይሁን። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልላችን በሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥ ምን ያህል እንደተቸገረ እናውቃለን። ኔትወርክ ብልጭ ባለበት ደቂቃ መከፈት አለበት። ስልክ ቁጥራችሁን ፎቶ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ሲነካ የሚደውል።

5. ማን እንደጻፈው ይታወቅ። የባለሙያው ስም፣ የትምህርት ደረጃና የሙያ ፈቃድ ይቀመጥ። ጎግልም በጤና ጉዳይ ላይ ለታማኝነት የበለጠ ክብደት ይሰጣል።

አንዳንዱ «ሰው በወሬ ነው የሚመጣው፣ ድረ ገጽ ምን ያደርጋል?» ይላል። ለጥርስ ሕመም እውነት ነው። የአእምሮ ሕመም ግን በየቡናው የሚወራ አይደለም፤ «አበደ» እንዳይባል የሚደብቀው ሰው ያለ ሀፍረት የሚጠይቀው ስልኩን ብቻ ነው።

ለመታየት ብላችሁ ግን የታካሚን ታሪክና ፎቶ አትለጥፉ፤ «100% እናድናለን»ም አትበሉ። ምስጢር የማይጠብቅ አማካሪ አንደኛ ሆኖ ቢወጣ ምን ዋጋ አለው?

ለናንተ ለአንባቢዎቼ ደግሞ፦ ራስን የማጥፋት ሀሳብ ካለ ፍለጋው ይቅር። ሰውየውን ብቻውን አትተዉት፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ዛሬውኑ ይዛችሁት ሂዱ። ጸበል የሚጠመቅ ከሆነም ሕክምናውን ጎን ለጎን መከታተል ይችላል፤ የጀመረውን መድኃኒት ግን ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ።

የምታውቁት አማካሪ ካለ ይህን ሼር አድርጉለት።