የመጨረሻውን ለቅሶ አትሸፍኑብን

ምናለሽ ተራ አጠገብ ፍላሽ ላይ ፊልም እየጫነ የሚሸጥ አንድ ልጅ አለ። ሱቁ ሱቅ አይባልም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምባት የቆርቆሮ ቀዳዳ ናት። በሯ ላይ በሰቀላት ቴሌቪዥን ፊት ግን ሰው አይጠፋም። ኩሊው፣ ጋሪ ገፊው፣ አንዱን መኪና አራግፎ ሌላውን የሚጠብቀው ወጣት፣ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ይቆማል። ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከአንድ የብዕር ወዳጄ ጋር በዚያ ስናልፍ፣ የቆመው ሰው ሁሉ ባንድ አፍ «ይበለው!» ብሎ ጮኸ። እኛም ቆምን።

የሚታየው የኮርያ ፊልም ነበር። ኪም ጂ ዉን የተባለው ዳይሬክተር በፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 የሠራው፣ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሰይጣንን አየሁት» የሚሆነው ነው። ከላይ የአንድ ሰው ድምፅ በአማርኛ ይተርክበታል። «ጀግናችን» ይላል ተራኪው፤ «ጀግናችን አሁን የተረከዙን ጅማት በጠሰው!» ሕዝቡም «ይበለው!»

ወዳጄ ፊቱ ጠቆረ። «አየህ» አለኝ፤ «ጭካኔ በፍላሽ ተጭኖ እየገባልን ነው። እኛ እኮ ይቅር ባይ ሕዝብ ነበርን! ልጆቻችን በቀልን የተማሩት ከነዚህ ከኮርያዎች ነው።» በኋላ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ደግሞ እንዲህ ያለው ፊልም እንዲታገድ የሚጠይቅ ጽሑፍ ሊጽፍ እንዳሰበ ነገረኝ። ይጻፍ፤ ብዕሩ የራሱ ነው። እኔ ግን ልቀድመው ወደድኩ።

ፊልሙን ላላያችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሰውየው የስለላ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነው። እጮኛውን አንድ አውሬ የሆነ ሰው ይገድልበታል፤ ያውም ቆራርጦ። ገዳዩን ለማግኘት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ሲያገኘው ግን አይገድለውም፤ ለፖሊስም አያስረክበውም። ይቀጠቅጠዋል፣ መከታተያ መሣሪያ ያስውጠዋል፣ ይለቀዋል። መልሶ ይይዘዋል፣ ያሰቃየዋል፣ መልሶ ይለቀዋል። ድመት አይጧን እንደምታጫውታት ማለት ነው። ዳሩ ግን አይጥ የተባለው ሰውዬ በተለቀቀ ቁጥር የሌላ ሰው ደጃፍ ይረግጣል። በመጨረሻም የሟቿን አባት ቀጥቅጦ ይጥላል፣ እኅቷን ይገድላል። ተበቃዩ ደሟን እመልሳለሁ ያለላት ልጅ የገዛ ቤቷ በበቀሉ ፈረሰ! መዝጊያው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ተበቃዩ ነገሩን አጥምዶ፣ ገዳዩ በወላጆቹና በትንሽ ልጁ እጅ እንዲሞት ያደርገዋል፤ እነሱ ምኑንም ሳያውቁ በር ሲከፍቱ። ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ ብቻውን እየሄደ ያለቅሳል። ፊቱ እንደ አሮጌ ግድግዳ ሲናድ እናያለን። ፊልሙ በዚሁ ያልቃል። በገዛ አገሩም ቢሆን መዳቢዎቹ አንዳንድ ትዕይንት እስኪቆረጥለት ድረስ በመደበኛ ሲኒማ ቤት እንዳይታይ ከልክለውት ነበር፤ ወዳጄ ይህን ቢሰማ ደስ ይለዋል።

የምናለሽ ተራው ተራኪስ ምን አደረገ? ለቅሶው ገና ሲጀምር «እንግዲህ ጀግናችን በዚህ ሁኔታ ደሙን መለሰ! ፊልማችንም እዚህ ላይ ይጠናቀቃል» አለና የሌላ ፊልም ማስታወቂያ ከነሙዚቃው ለቀቀበት። የሰውየው እንባ ከበሮ ተመታበት። የቆመውም ሰው እየሳቀ ተበተነ።

«ደሙን መለሰ።» ወዳጄ ሆይ፣ ይህ ቃል ከኮርያ የመጣ ነው? ተራኪው ከየትኛው የኮርያ መዝገበ ቃላት አገኘው? እናቱ ቤት የሰማው ነው! ጠላታችንን ስንጠራ «ደመኛዬ» የምንል እኛ ነን። የአባቱን ገዳይ በዓይኑ እያየ ያለፈን ወንድ ለቅሶ ቤት አስለቃሿ በሙሾ ስትወጋው፣ ሰርግ ቤት ፎካሪው በሽሙጥ ሲሸነቁጠው የኖረ አገር ነው ያለን። በጥንቱ ሥርዓትማ ነፍሰ ገዳይ ሲፈረድበት ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር። የደም ዋጋ ተቀብለው እንዲምሩት ይለመናሉ፤ እምቢ ካሉ ሟቹ በሞተበት ዓይነት አገዳደል ራሳቸው ይገድሉታል። ይህ ሲሆን ፍላሽ አልነበረም፤ ኮርያም ፊልም አትልክልንም ነበር። ለነገሩ ወደ ኮርያ አስቀድመን ሰው የላክን እኛ ነን። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ የቃኘው ወታደሮች እየተፈራረቁ ዘምተዋል።

1969ንስ የት እናድርገው? ሚያዝያ 9 ቀን ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ደም መሳይ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ ሲሰብሩ የተጨበጨበው ምን ስለ ነበር? «ነጭ ሽብር» ለተባለው አጸፋው «ቀይ ሽብር» ነው ተባለ፤ ስሙ ራሱ ብድር መመለስ ነበር። «ነፃ እርምጃ» የሚለው ቃል አፋችን ላይ ጣፈጠ። ሬሳ መንገድ ዳር ሲያድር፣ እናት የልጇን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ስትጠየቅ፣ «ይበለው» ያለ ሰው አልነበረም? ነበረ እንጂ! ዛሬ ሁላችንም የሟች ዘመዶች ሆነን ቀረን እንጂ።

ነገሩን ግን ከሩቅ አላምጣው። ራሴን ትቼ አገር ብወቅስ ወዳጄን መምሰሌ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ይመስለኛል፤ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ መርካቶ በአጎቴ የጨርቅ ሱቅ እሠራ ነበር። አንድ ረፋድ ከክፍለ ሀገር ለሸቀጥ የመጣች ሴትዮ «ሌባ! ሌባ!» ስትል መንደሩ ታወከ። አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ በሱቃችን ፊት ሲሮጥ አየሁት። መርካቶ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ስንት ነው! ግን «ሌባ» ሲባል የሮጠው እሱ ብቻ ሆኖ ታየንና ያዝነው። አንዱ በጥፊ፣ አንዱ በካልቾ። እኔ ባንኮኒውን ዘልዬ ስወጣ እጄ ላይ የነበረችው ጨርቅ የምንለካባት የሜትር እንጨት ናት። በእሷ መታሁት። አንዴ አይደለም። ደስ ይል ነበር፤ ይህችን ቃል ለመጻፍ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። ያን ዕለት ጠዋት አጎቴ በሂሳብ ጉድለት ሰድቦኝ ነበር፤ የልጁ ጀርባ ላይ ያወራረድኩት ማንን እንደሆነ እንጃ።

ሴትዮዋ ገንዘቧን ከገዛችው አቡጀዲ እጥፋት ውስጥ አገኘችው። ራሷ ነበረች የወሸቀችው። ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ነው ለወዳጄ የምነግረው፤ ያ ሁሉ ሰው ሥራ እንዳለበት ባንድ ጊዜ ትዝ አለው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የመታ ሰው ጠፋ! ልጁ ዓይኑን ይዞ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሴትዮዋ ጥቂት ብር ጭብጡ ውስጥ አደረገችለት። አጎቴ ደግሞ እንጨቷን አጥቤ ወደ ቦታዋ እንድመልስ ብቻ ነገረኝ፤ ደንበኛ ይጠብቅ ነበር።

ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ ራጉኤል አጠገብ አንድ ሊስትሮ ጫማዬን ሲጠርግ፣ አንደኛው ዓይኑ ነጭ ሆኖ አየሁት። ቀና ሳይል «ጋሼ» አለኝ፤ «ያቺ ሜትር አሁንም አለች?»

«የለችም» አልኩት። ነበረች።

ሁለተኛውን ጫማ ጨረሰ። የከፈልኩትን የአምሳ ብር ኖት ከጎረቤቱ ዘርዝሮ መልሱን እስከ ሳንቲሙ ቆጠረልኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ያን ዕለት ቢሰነዝርብኝ፣ ቢሰድበኝ፣ ብሩን ቢያስቀር ምንኛ በቀለለኝ!

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንላለን። ፓርክ ቻን ዉክ የሚባለው ሌላው ኮርያዊ በ2003 «ኦልድ ቦይ» የተባለውን ፊልም የሠራው ይህን ተረታችንን ሰምቶ ይመስላል። አንድ ሰው ለአሥራ አምስት ዓመት አንዲት ክፍል ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል፤ ማን እንዳሰረውም ለምን እንዳሰረውም አያውቅም። ሲወጣ «ማነው ያሰረኝ?» ብሎ ደም ሊያፈስ ይነሣል። ሲደርስበት ግን ጥፋቱ ተማሪ ሳለ የዘራት፣ ዘርቶም የረሳት አንዲት ወሬ ሆና ተገኘች። የቀረውን አልነግራችሁም። በማግስቱ ዓመት በካን ፌስቲቫል ሁለተኛውን ታላቅ ሽልማት ያገኘ ነው፤ ወዳጄ «የአረመኔ ፊልም» ብሎ ሊዘልለው አይችልም። እኔ ስመለከተው ግን ያየሁት ኮርያን አይደለም። የአጎቴን ባንኮኒ ነው።

እንግዲህ ወዳጄ «ይቅር ባይ ሕዝብ ነን» ሲል ምን ማለቱ ነው? ሥራ እንዳለበት ትዝ ብሎት እንደተበተነው ሕዝብ ማለቱ ከሆነ እውነቱን ነው፤ መርሳት እናውቅበታለን። ይቅርታ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሥርዓት አለው። አባቶቻችን ይህን ከእኛ የተሻለ ያውቁ ነበር። በጉማ ሥርዓት ነፍስ ያጠፋ ሰው በሰንሰለት ታስሮ የደም ካሳውን አገር ለአገር እየዞረ ይለምን ነበር። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ አጋማሽ በዚሁ ስም ፊልም ሠርቷል፤ የዛሬው «ጉማ» የፊልም ሽልማትም ስሙ ከዚያ የተወሰደ ነው። ሥርዓቱ ጨካኝ ነው የሚል ይኖራል። ይሁን። ግን ሰንሰለቱ ይጮኻል፤ በደለኛው በየደጁ እየቆመ ያደረገውን በአፉ ይናገራል፤ ካሳው ሲሞላም ደሙ ይደርቃል፣ ሰንሰለቱ ይፈታል። ጥፋት መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው። እኔ ያቺን እንጨት አጥቤ ስሰቅል ግን የትኛው ሽማግሌ ፊት ቆምኩ?

ወዳጄ ፊልም ይታገድ ከሚል አንድ ፊልም ይሠራ ብሎ ቢጮኽ ይሻል ነበር። ታሪኩን እኔ ልስጠው። በ1989 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ አሜሪካ አትላንታ ከተማ፣ እጅጋየሁ ታዬ የተባለች ኢትዮጵያዊት በአስተናጋጅነት በምትሠራበት ሆቴል ውስጥ አንድ ሻንጣ ተሸካሚ ታያለች። ቀልቤሳ ነገዎ ነው፤ በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረ። ዘቅዝቀው ሲገርፏት ፊቱን አይታዋለች። አሁን የአንድ ሆቴል ሠራተኞች ናቸው! ለኮርያው ዳይሬክተር ብትሰጡት ምን እንደሚሠራው አስቡት፤ ምድር ቤት፣ ቢላዋ፣ ሰንሰለት… እሷ ግን ጠበቃ ፈለገች። እንደሷው የተሠቃዩ ሁለት ሴቶች፣ ኤልሳቤጥ ደምሴና ሂሩት አበበ ጅሪ፣ አብረዋት ቆሙ። ከሰሱት። በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት። ገንዘቡን ከሻንጣ ተሸካሚ ማን ይቀበላል? ነገሩ ገንዘቡ አልነበረም። ዳኛ ፊት ቁመው፣ እሱ እየሰማ፣ ያደረገውን አንድ በአንድ ተናገሩ። አገር ቤት ደግሞ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ኖሮ በ2006 አሜሪካ አስወጥታ ላከችው። አሥራ ሰባት ዓመት!

«ታዲያ ይህ ፍትሕ ቀርፋፋ ነው» የሚለኝ አለ። ቀርፋፋ ነው። የደርግ ባለሥልጣናት ክርክር ታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ የጥፋተኝነት ፍርድ የተሰጠው ታኅሣሥ 1999 ነው። ዋናው ተከሳሽ ሐራሬ ተቀምጠው ነበር፤ አልመጡም። መጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ በግንቦት 2000 በይግባኝ ሞት፣ በግንቦት 2003 ደግሞ የሞቱ ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በመስከረም 2004 በርካታዎቹ ከእስር ወጡ። ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ይህን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው እኔ ልናገርላቸው አልደፍርም። እኔንም ቅር ያሰኘኛል። «ተጸጽተናል» የሚለውን ቃል ከእያንዳንዳቸው አፍ፣ በስም፣ የሟቹን ስም ጠርተው ሲናገሩት ብሰማ ከሞቱ ፍርድ ይልቅ ያን እመርጥ ነበር። ሆኖም ያ አሰልቺ ክርክር እማኝ አስቆጠረ፣ ወረቀት አስቀረ፤ በእሱ ምክንያት የማንም እኅት አልተገደለችም። የኮርያው ጀግና ይህን ሊል አይችልም።

ስለዚህ ፊልሙን አታግዱ። ያ የቆርቆሮ ሱቅ ያለው ልጅ እንጀራውን ይብላ። «ይበለው!» የሚሉትንም አልሰድባቸውም፤ እኔ ባንኮኒ ዘልዬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጠቤ ከተራኪው ጋር ነው። ወንድሜ፣ ስምህን አላውቅም፤ ድምፅህ ያምራል፤ ተረት ማጣፈጥም ታውቅበታለህ። ሰውየውን ጀግና ብትለውም ግድ የለኝም። ግን ያ ባዶ መንገድ ሲመጣ፣ ሰውየው ፊቱ ሲናድ፣ እባክህ ማይክራፎኑን ዝጋው። ማስታወቂያውንም አቆየው። ሁለት ደቂቃ ናት፤ ጋሪ ገፊውም ኩሊውም ዝም ብሎ ይያት።

ባለፈው ሳምንት ልጁ ሱቅ ሄጄ፣ ተራኪ የሌለበት ቅጂ እንዳለው ጠየቅሁት። «ፋዘር፣ እሱንማ ማን ይገዛዋል?» አለኝ። ፈልጎ ግን አገኘልኝ፤ የድሮ ሃርድ ዲስክ ውስጥ። በርካሽ ጫነልኝ።