ዲስኩን ያጣመመው ቁልቁለቱ ነው ወይስ እግራችን?

ዛሬ ስለ ፍቅር አናወራም፤ ስለ ፍሬን ነው። አትሳቁ! ፍቅር ቢበላሽ ዕድሜ ይጠግነዋል፤ ፍሬን ሲበላሽ ግን ዕድሜንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ጉዳዩን ያመጣው አንድ ወጣት አንባቢያችን ነው። ከጓደኞቹ ጋር ገናን ላሊበላ አክብረው፣ በማግስቱ አሸተን ማርያምን ለመሳለም ተነሱ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያለፈ ነው። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ የቀረውን በእግር ወጥተው ተሳለሙ። ሲመለሱ ግን ያንን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እንደረገጡ ወረዱት። ከተማ ሲደርሱ ከጎማው ሥር የቃጠሎ ሽታ መጣ፣ ጭስም ታየ። "ይብረድ" ብለው አንድ ጀሪካን ውሃ ቸለሱበት። ከዚያ ወዲህ ፍሬን በያዘ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ፔዳሉም እግሩን ይመታዋል። ጋራዥ ቢወስደው "ዲስኩ ተጣሟል፣ አዲስ ግዛ" አሉት። "እውነት ያ ሁሉ ብረት እንዲህ በቀላሉ ይጣመማል ወይ?" ይላል።

እስቲ ከሥሩ እንየው። ዲስክ ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር የብረት ሳህን ነው። ፍሬን ስትረግጡ ሁለት ሸራዎች ግራና ቀኝ ጨምቀው ይይዙታል፤ የመኪናው ጉልበት በፍትጊያው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ! 2 ቶን የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 30 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሞተሩ ካላገዘ አብዛኛው የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው።

ታዲያ "ተጣመመ" የሚባለው ብዙ ጊዜ መጣመም አይደለም። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል፣ ያልተሟሸ ምጣድ ላይ እንደሚጣበቅ እንጀራ ዲስኩ ላይ በየቦታው ይለጠፋል። በተለይ እንደጋለ መኪናው ቆሞ ፍሬኑ ተረግጦ ከቆየ፣ የሸራው ቅርጽ እንደ ማኅተም እዚያው ይቀራል። ያ ቦታ ይወፍራል፣ ከሌላው ይበልጥ ይግላል፣ እየዋለ እያደረም ይጠጥራል። ልዩነቱ ከሚሊ ሜትር 2 መቶኛ ያህል ብቻ ቢሆን እንኳ ሾፌሩ ሊሰማው ይችላል። በጋለ ብረት ላይ ውሃ መቸለስ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ አንዱን ወገን በድንገት አኮማትሮ የምር ሊያጣምመው፣ ሊሰነጥቀውም ይችላል። የጎማ ብሎኖች እኩል ካልጠበቁ ወይም ዲስኩ የሚቀመጥበት ቦታ ዝገት ካለውም ዲስኩ ተዛንፎ ይሽከረከርና ያው መንቀጥቀጥ ይመጣል።

ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ "2" ወይም "ኤል" ላይ አድርጉ። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ባዶ አድርጎ መልቀቅ፣ ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየውን በሬ መሆን ነው። ደግሞም በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር በማርሽ ሲወርድ፣ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ካነሳችሁ ነዳጁን ራሱ ይዘጋዋል።

ሁለተኛ፣ እግራችሁ ፍሬን ላይ አይኑር። ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ከዚያ ልቀቁት። ብረቱም ይተንፍስ!

ሦስተኛ፣ ፍሬኑ ከጋለ ሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱት፣ ነፋሱ ያብርደው። ከቆማችሁም በማርሽ አቁሙና ጎማውን በድንጋይ ደግፉ። ውሃ አታፍሱበት።

አራተኛ፣ አዲስ ሸራና ዲስክ እንደ አዲስ ምጣድ ይሟሻል። ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ፣ እያረፋችሁ ደጋግማችሁ ያዙት። ብሎንም በመስቀለኛ፣ እኩል ይጥበቅ።

አምስተኛ፣ የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ ይቀየር። ዘይቱ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የያዘ ዘይት ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ከመሪ መንቀጥቀጥ ይልቅ ሰው የሚጨርሰው ይኼ ነው።

ወንድማችን፣ አንተ ደግሞ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ዲስኩን አስለካ። ዝቅተኛው ውፍረት ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ካልወረደ ቶርኖ ቤት ተልጎ ሊስተካከል ይችላል። ከተሰነጠቀ ግን ቀልድ የለም፣ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይር። ውሃ ያፈሰስክበት በመሆኑ ስንጥቁን ደህና አድርገው ይዩልህ።

ይህ ምክር ለአሸተን መንገድ ብቻ አይደለም። ከጋሸና ወደ ወልዲያ፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ለምትወርዱም ነው። ሹፌር ባትሆኑም ያገባችኋል። የተቃጠለ ሸራ ሲሸታችሁ "ምን አገባኝ፣ ያፍርብኛል" ብላችሁ ዝም አትበሉ። "ሹፌር፣ ፍሬኑ ሸተተ፣ እስቲ ትንሽ እንረፍ" በሉ። ቢቆጣ ይቆጣ! የአስራ ምናምን ሰው ሕይወት ከአንድ ሰው ኩርፊያ ይበልጣል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል እንዲህ ነው። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን!