መብራቱን አጥፉት!

ጀልባችን በጣና ሐይቅ ዳር፣ ቁንዝላ ላይ ስትታሰር ፀሐይ ከጠለቀች ገና አፍታ አልሞላም። ወሩ ግንቦት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጠበስ የዋለው የብረት ጣሪያ ሙቀቱን ወደ ውስጥ መትፋቱን ገና አላቆመም ነበር። ላባችን በጀርባችን ሲወርድ መስኮቱን ሁሉ በረጋገድነው። ይኼኔ ከመካከላችን አንዱ፣ ራት ልንበላ ነው ብሎ፣ ያንን ነጭ አምፖል አበራው።

ትንኝ ገባ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ትንኝ ፈሰሰ። ሻዩ ውስጥ፣ ዳቦው ላይ፣ ጆሮ ውስጥ፣ አንገትጌ ሥር። አንዲት እናት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው «ስምንተኛው ሺህ ማለት ይኼ ነው» አሉ። ካፒቴኑ ከኋላ «ኧረ በማርያም፣ መብራቱን አጥፉት!» ብሎ ጮኸ። አጠፋነው። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ደመናው ሳሳ። እኛም ጦርነት ያሸነፍን ይመስል በየአግዳሚው ጋደም አልን። እኔ ግን እስኪነጋ ስነከስና ስታከክ አደርኩ።

ጠዋት ላይ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሁለት የማይገናኙ ፍጡራንን «ትንኝ» በሚል አንድ ስም ጠርተን ስንዋጋ ማደራችን ነው። ሻያችን ውስጥ የወደቀው ዓይነት ልጅነቱን የሚያሳልፈው ከሐይቁ ሥር ጭቃ ውስጥ ነው። ጊዜው ሲደርስ ከነመንጋው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይጋባል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል። ደም አይመጥም፣ አይናከስም። ጥፋቱ ብርሃን መውደዱ ብቻ ነው፤ በተለይ ነጩንና ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን። የእሳት እራት ዘመድ በሉት። ወደ ቢጫ የሚያደላ አምፖል ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልመጣብን ነበር።

ሌላይቱ የወባዋ ናት። እሷ ስለ አምፖላችን ደንታ የላትም። የምትከተለው የምናወጣውን ትንፋሽ፣ የላባችንን ሽታና የገላችንን ሙቀት ነው፤ ጨለማ ደግሞ ያመቻታል። ግድግዳ ላይ ስታርፍ ጭራዋን ወደ ላይ ቀስራ ነው፤ ባትሪ ያበራ ሰው በዚያ ይለያታል። እኛ የሚታየውንና የሚያስቸግረውን አባረን፣ የማትታየዋን መስኮት ከፍተን ተቀበልናት።

«ጣና ደጋ ነው፣ ምን ወባ አለው» የሚል ሰው አሁንም ይገጥመኛል። ሐይቁ ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። በፈረንጆቹ 1958 ሁለተኛ አጋማሽ አገራችንን የመታው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ የከፋውም ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነበር። ጣና መሀሉ ላይ ነው። የወባው ዋና ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቢሆንም፣ ሚያዝያና ግንቦትም ትንሹ ወቅት ናቸው። ያውም ሙቀቱ መስኮት የሚያስከፍተን ጊዜ መሆኑ ነው።

ታዲያ መስኮቱን እንዝጋ? በዚያ ሙቀት ይህን የሚመክር ሰው ጀልባ ውስጥ አድሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። እውነቱን ለመናገር የጣና ጀልባ ለሌሊት አልተሠራም። ገዳማቱን አይቶ ማታ ወደ ባሕር ዳር ለሚመለስ እንግዳ ነው የተሠራው። ስለዚህ መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የሚወርድ ሸራ አለው፤ አለቀ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ያወቅሁት ትልቁ ነገር የነፋሱ አመል ነው። ቀን ላይ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ይነፍሳል። ማታ መሬቱ ቶሎ ይበርዳል፣ ውሃው ሙቀቱን እንደያዘ ይቆያል፤ ነፋሱም ዞሮ ከዳር ወደ ሐይቁ ይሆናል። እንግዲህ ዳር ላይ የታሰረ ጀልባ ሌሊቱን የሚተነፍሰው በደንገሉና በቄጠማው ውስጥ አልፎ የመጣውን አየር ነው፤ በየኩሬው የተፈለፈለውን ሁሉ ይዞ። በፈረንጆቹ 2011 ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው የእምቦጭ አረም ደግሞ በደረሰበት ዳርቻ የረጋ ውሃ ላይ ጥላ ይዘረጋል፤ ለትንኝ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ የለም። ከቄጠማው ራቅ ብሎ መልሕቅ መጣል የሚቻል ከሆነ ግማሹ ሥራ ያኔውኑ ተሠራ። ካልተቻለ ግን መጀመሪያ መሸፈን ያለበት በመሬቱ በኩል ያለው መስኮት ነው። በሐይቁ በኩል ያለው ተራውን ይጠብቃል።

በምን ይሸፈን? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ይሻላል ብሎ ነው። የተለመደው አጎበር በአንድ ካሬ ኢንች 156 ያህል ቀዳዳ አለው፤ ለወባ ትንኝ ይበቃል። ከዚያ የደቀቀ ጨርቅ ከአሸዋ የማይበልጠውን ትንኝ ሳይቀር ያግዳል፤ አየሩንም አብሮ ያግዳል። ታፍኖ ያደረ ሰው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ራሱ ገፎ ይጥለዋል። የሽቦ ወንፊት በሚስማር እንምታ ያሉም አሉ። የጀልባ ፍሬም በሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ሚስማሩ ይላላል፣ በቀዳዳው ውሃ ይገባል፣ ተራው ሽቦ በዓመቱ ይዝጋል።

እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው። ያረጀ አጎበር ከመስኮቱ በሁሉም በኩል አንድ አንድ ስንዝር አስበልጬ ቆረጥኩ። ግርጌውን አሳጥፌ ሰፋሁና ዓሣ አጥማጆች ከመረባቸው ሥር የሚያስሩትን እርሳስ አስገባሁበት። ከላይ በገመድ ይንጠለጠላል፤ ጀልባዋ ስትናወጥ እርሳሱ ጨርቁን ከግድግዳው ጋር ይዞ ያስቀረዋል። ትንኝ መሀሉን በስታ አትገባም፤ የምትገባው በጠርዙ ክፍተት ነው። ለዚህ ነው የእኔ ድካም ሁሉ ጠርዙ ላይ የሆነው።

ስለ ፍሊት ብዙ አልልም። መስኮቱ ክፍት ከሆነ ነፋሱ ይወስደዋል፤ ዝግ ከሆነ ተሳፋሪው ይስበዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ማጨስም ሜዳ ላይ መልካም ነው፤ ቤንዚን ከጫነ ጀልባ ላይ ግን እሳት የሚያነድ ሰው ከትንኝ የባሰ ነገር ይፈልጋል ማለት ነው። ይልቅ በጀልባዋ ባትሪ የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ቬንትሌተር ፋይዳ አለው። የወባ ትንኝ በራሪነቷ ደካማ ነው፤ ቀላል ነፋስ ይገፋታል፤ ትንፋሻችንም ስለሚበተን አድራሻችን ይጠፋባታል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በዚያው ወር፣ በዚያችው ጀልባ ተመለስኩ። ቁንዝላ ደረስን፤ ከመሸ በኋላ በመሬቱ በኩል ያሉትን መስኮቶች አንድ በአንድ በአጎበሬ ጋረድኩ፤ እርሳሱ ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርጋል። ካፒቴኑ ሲጋራውን ይዞ ከውጭ ቆሞ ሲመለከተኝ ቆየ። በመጨረሻ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ የጨርቁን ጠርዝ ነካ ነካ አደረገና፣

«ጋሼ» አለኝ፣ «ዓሣው እኮ ያለው ውጭ ነው፤ መረብ ውስጥ የገቡት እርስዎ ነዎት።»