የማሽላ ጢንዚዛ በጊዜው ይቈጠር

በይፋት ቈላ፥ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ፥ ማሽላ የሕዝቡ ዋና እህል ነው። ይሁን እንጂ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1993 ዓመት ወዲህ የማሽላ ጢንዚዛ ብርቱ ጠላት ሆኖ ተነሥቶበታል። በመስከረምና በጥቅምት፥ እሸቱ ወተት ሲይዝ፥ ጢንዚዛው በዛላው ላይ ሰፍሮ ፍሬውን ያጠፋዋል። ለዘመቻ መነሣት የተለመደውም ያን ጊዜ ነው። ይህ ግን የዘገየ ሥራ ነው።

ጢንዚዛው በዓመት የሚተካው አንድ ትውልድ ብቻ ነው። በጋውን በመሬት ውስጥ ተሸሽጎ ይከርማል፤ ክረምት ሲገባ ወጥቶ ይራከባል፤ እንቍላሉንም በአፈር ውስጥ ይጥላል። ትሉም በዚያው አድጎ ክረምቱ ሲያልቅ ጢንዚዛ ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ሒሳቡ ይታሰብ። ለምሳሌ አንዲት እናት ለመውለድ የሚደርሱ 10 ልጆች ብታተርፍ፥ እኩሌቶቹም እንስቶች ቢሆኑ፥ 100 እናቶች በዓመቱ 500፥ በሁለተኛው ዓመት 2,500 ይሆናሉ። ከ100 እናቶች 50ው ሳይወልዱ ቢያዙ እንኳ የቀሩት 250 ይተካሉ፤ ስለዚህ የእኩሌታ ሥራ እድገቱን አያቆመውም። 80ው ቢያዙ ግን 20ዎቹ የሚተኩት 100 ብቻ ነው፤ ከ80 በላይ ሲያዝ ጢንዚዛው መጕደል ይጀምራል።

ስለዚህ የወረዳ ሹም ሁሉ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ የተፈጨ ሙዝ ያለበት ወጥመድ በየቀበሌው ባንድነት እንዲተከል፥ የተያዘውም በየሳምንቱ ተቈጥሮ እንዲጻፍ ማድረግ ይገባዋል። አንዱ ቀበሌ ሲተጋ ጎረቤቱ ቢተኛ፥ ጢንዚዛው ክንፍ አለውና የትጉሁም ማሽላ አይድንም።