ንግሥቲቱን ማን ዲዳ አደረጋት?

የንግሥተ ሳባ ፊልም በተነሳ ቁጥር የእኛ ሰው የሚያሰማው ቅሬታ አንድ ነው፦ «ምነው ፈረንጅ አጫወቱብን!» ቅሬታው ልክ ነው፤ ግን አጠረ፣ ጓዶች!

በ1913 ዓ.ም. የአሜሪካው ፎክስ ኩባንያ «የሳባ ንግሥት» የተባለውን ድምፅ አልባ ፊልም አወጣ። ቤተ መንግሥቱ፣ ሠራዊቱ፣ የሠረገላ እሽቅድምድሙ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ነበር። ንግሥቲቱን የሠራችው ቤቲ ብላይዝ የሎስ አንጀለስ ልጅ ናት። እስከ ዛሬ የሚወራላት ግን ትወናዋ ሳይሆን የልብሷ መሳሳት ነው። በ1929 ዓ.ም. የኩባንያው መጋዘን ሲቃጠል ፊልሙም አብሮ ነደደ፤ የተረፈው የሴኮንዶች ቁራጭ ብቻ ነው። እሷም በኋላ ዘመኗ በጥቃቅን ሚና ኖረች።

ልብ በሉ፤ ያ ፊልም ሲወጣ አዲስ አበባ ላይ ዘውድ የጫነች ንግሥት ነበረች፤ ዘውዲቱ! ሆሊውድ ግን ንግሥቱን ከደጁ መለመለ።

እኛስ ምን አደረግን? የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሡ ዘር ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ፣ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይወርዳል ብሎ ደነገገ። እስከ 1967 ዓ.ም. በዚህ ተገዛን። ተረት ብቻ ነው እንዳትሉኝ፤ በዚያ ዘር አምነው ከጃማይካ መጥተው እዚሁ ሻሸመኔ የሰፈሩ ሰዎች አሉ። እንግዲህ ሆሊውድ ገላዋን ወሰደ፣ ቤተ መንግሥት ማሕፀኗን ወሰደ። አፏንስ ማን ወሰደው?

ሴትዮዋ ኢየሩሳሌም የወረደችው ለፍቅር አልነበረም። መጽሐፈ ነገሥት እንደሚለው ንጉሡን በእንቆቅልሽ ልትፈትን ነው የሄደችው። እንቆቅልሾቿ ግን እዚያ አልተጻፉም። ንጉሡ ሁሉንም መለሰ ተባለና መላሹ ተሞገሰ፤ ጠያቂዋ ተረሳች። ከፊልሙ በፊት ጀምሮ ድምፅ አልባ ነበረች ማለት ነው!

ስለዚህ ነገ አንድ ኩባንያ ተነስቶ የአዳማን ቆንጆ ቢያጫውት እንኳ፣ አልባሳቱን ብቻ ካሳየን ምን ተለወጠ? የቆዳ ቀለም ተስተካከለ፣ ዲዳነቱ ግን ቀጠለ።

እኛ ከሞጆም ከባቱም የመጣን ልጆች እንቆቅልሽ እናውቃለን፤ በኦሮምኛም ሂቦ እናውቃለን። ያልመለሰ አገር ይሰጣል፤ ደንቡ ይኸው ነው። እኛ ግን ጥያቄውን ሳንሰማ አገሩን ለመላሹ አስረከብን።

ብዕር የያዛችሁ ሁሉ፣ የልብሷን ነገር ተዉት። ጥያቄዎቿን ጻፉ!